ቡሌት ሄል ጌም ለመጀመር ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ቡሌት ሄል የሚባሉትን፣ ስክሪኑን በጥይት የሚሞሉትን የድሮ የአውሮፕላን ጌሞች ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ ዛሬም እጫወታለሁ። ጀማሪ የሆናችሁ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ።

ቪዲዮ ላይ ሳየው መተላለፊያ ያለው አይመስልም። እውነት ሰው ይችለዋል?

ይችለዋል። በአብዛኞቹ ጌሞች አውሮፕላኑ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ጥይት ሲነካት የምታስገድለው መሐሉ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ብቻ ናት። ሂትቦክስ የምንላት እሷን ነው። ክንፉ ላይ ጥይት ቢያልፍ ምንም አትሆንም። ደግሞም ጥይቱ ብዙ ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለማሰብ ፋታ ይሰጣል።

ለጀማሪ የማይጨክን፣ መልኩ ግን የድሮ የሆነ የቱ ነው?

የእኔ ምርጫ ሙሺሂሜሳማ ነው። ኬቭ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአርኬድ (በሳንቲም ለሚሠሩት የጌም ቤት ማሽኖች) ያወጣው ሲሆን በ2015 ስቲም ወደተባለው የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት መደብር መጥቷል። እዚያ ያለው ኖቪስ ሞድ፣ ማለትም የጀማሪዎች ደረጃ፣ ጥይቱን በደንብ ይቀንሳል፤ ስዕሉና ሙዚቃው ግን ያው ነው። ኖቪስን መምረጥ የሚያሳፍር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት፤ የተሠራው ለእናንተ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ከፈለጋችሁ ባትሱገንን ሞክሩ። በ1993 የወጣ፣ ቶአፕላን የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ብዙዎች የዚህ ዘውግ መነሻ ይሉታል። ቶአፕላን በዓመቱ ሲዘጋ ኬቭን ከመሠረቱት መካከል የቀድሞ ሠራተኞቹ ነበሩበት። ስፔሻል ቨርዥን የተባለው ቅጂ ከመጀመሪያው ይልቅ ለተጫዋች ይራራል።

ኮንቲኑ እየተጫንኩ እስከ መጨረሻው ብሄድ ችግር አለው?

ኮንቲኑ ማለት ሕይወታችሁ ሲያልቅ ከዚያው መቀጠል ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ችግር የለውም፤ ሁሉንም ሌቭልና ሁሉንም ቦስ (በሌቭሉ መጨረሻ የሚጠብቀውን ትልቅ ጠላት) እዩ። ከዚያ በኋላ ግን ኮንቲኑ አትንኩ። የከበዳችሁን ቦታ ሳታውቁት እያለፋችሁት ትሄዳላችሁና።

ቦምቤን ለቦስ ብዬ አስቀምጣለሁ፤ ሁልጊዜ ሳልጠቀምበት እሞታለሁ። ምን ላድርግ?

ጀማሪን በጣም የሚጎዳው ይኸው ልማድ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ቦምብ ስክሪኑን ከጥይት የሚያጠራልህ፣ ቁጥሩ የተወሰነ መሣሪያ ነው። በብዙዎቹ ጌሞች ስትሞት የቀረህ ቦምብ አብሮህ ይጠፋል፤ አዲስ ሕይወት ሲሰጥህ ከመደበኛው ቁጥር ነው የምትጀምረው። ስለዚህ ሳይተኮስ የቀረ ቦምብ ምንም አልጠቀመህም። ሁለት ጊዜ የሞትክበትን ቦታ ልብ በል፤ በሦስተኛው ገና ስትደርስ፣ ሳትጨነቅ ተኩሰው። ከተከበብክ በኋላ ለመተኮስ ካሰብክ እጅህ አይደርስም። አውቶ ቦምብ ያለበት ጌም ከሆነ ደግሞ አብራው፤ ጥይት ሲነካህ ቦምቡ በራሱ ይፈነዳል፣ ከሞትም ያድንሃል።

በየሄድኩበት ጥይቱ ይከተለኛል። ጥግ እየያዘኝ አስቸገረኝ።

ጥይቱ የሚተኮሰው አንቺ በዚያች ቅጽበት ወዳለሽበት ቦታ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ግን አቅጣጫ አይቀይርም። ስለዚህ መሸሽ አያስፈልግም። ከስክሪኑ አንድ ጫፍ ተነሥተሽ ቁልፉን ነካ፣ ነካ እያደረግሽ ወደ ሌላው ጫፍ በዝግታ ሂጂ፤ ጥይቱ ከኋላሽ ተሰልፎ ይቀራል። ሌላኛው ጥግ ስትደርሺ ፈጠን ብለሽ በአንዴ ተመለሺ፤ ሰልፉ ይሰበርና መንገድ ይከፈትልሻል። ይህን የለመደ ሰው ጌሙ ግማሽ ይቀልለታል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ዓይኔን የት ላድርግ?

ከአውሮፕላንህ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥይቱ ሊደርስብህ ካለበት ላይ።

ጥይት ሲበዛ ጌሙ ይንቀራፈፋል። ኮምፒውተሬ ደክሞ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። የድሮዎቹ የአርኬድ ማሽኖች ስክሪኑ ሲጨናነቅ ፍጥነታቸው ይቀንስ ነበር፤ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲዛወሩም ብዙ ጊዜ ያ ሆን ተብሎ ይጠበቃል። ጥቅሙ ለአንተው ነው፤ እሱ ባይኖር አንዳንዱ ቦታ አይታለፍም።

ኪቦርድ ይሻላል ወይስ ጆይስቲክ?

እጅህ የለመደው። ቴሌቪዥን ላይ የምትጫወት ከሆነ ግን መዘግየትን የሚቀንሰውን የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ክፈት፤ በቁልፉና በስክሪኑ መካከል ያለው መዘግየት ከማንም ቦስ የባሰ ጠላት ነው።

ባትል ጋሬጋን ጓደኛዬ ሰጠኝ። በእሱ ልጀምር?

ድንቅ ጌም ነው፣ ግን አሁን አይደለም። በ1996 የወጣው ይህ ጌም የምታደርገውን እየተከታተለ ይከብዳል፤ ብዙ በተኮስክና ብዙ ማጠናከሪያ ባነሣህ ቁጥር ጠላቶቹም ይበረታሉ። ጀማሪ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ማንሣቱ አይቀርም። መጀመሪያ ሙሺሂሜሳማን በኖቪስ፣ ያለ ኮንቲኑ ጨርስ፤ ከዚያ ወደ ጋሬጋ ተመለስ።