ያልተረከብከው ዕቃ ላይ አትፈርም

ወንድሜ፣ «አራዳ ውስጥ የፍሳሽ መስመር ጠጋኝ ነኝ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልም ነኝ፤ ማንሆል (የፍሳሽ መስመር ጉድጓድ) ስንወርድ ፎርማኑ ‹ደህንነትህ የራስህ ኃላፊነት ነው› ይለኛል፤ እውነቱን ነው ወይ?» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚጎዳውም በዚያች ግማሽ ነው።

1. በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ነው፣ 93 የአንተ። እሱ መከላከያ ይሰጣል፣ አጠቃቀሙን ያስተምራል፣ አደጋ ሲደርስ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያሳውቃል። አንተ የተሰጠህን በአግባቡ ትጠቀማለህ፣ መመሪያ ታከብራለህ፣ የመሣሪያ ጉድለትና ራስህ ልታስወግደው የማትችለውን አደጋ ወዲያው ታሳውቃለህ። «የተሰጠህን» የምትለዋን ቃል ያዛት።

2. ፊርማ። «ሄልሜት፣ ቦት ጫማ፣ ጓንትና ቀበቶ ተረክቤያለሁ፤ የደህንነት መመሪያ ተነግሮኛል» የሚል ቅጽ ይዞራል። ዕቃው መንገድ ላይ ነው ይባላል፣ ሁሉም ይፈርማል፣ የሚመጣው ጓንት ብቻ ነው። በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ መምጣትም እዚያው ይቆጠራሉ። ያቺ ፊርማ የምትወጣው ያኔ ነው፦ «መመሪያ ሰጥቼዋለሁ፣ ቀበቶም ነበረው።» አሠሪው ነፃ ከወጣ የምታጣው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሕክምናው፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ የቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ የቀሩት 6 ወራት 50 በመቶ። ስለዚህ በእጅህ ከገባው ዕቃ ትይዩ ብቻ ፈርም። ያልመጣው ላይ «አልተረከብኩም» ብለህ ቀን ጻፍበት፣ ገጹንም በስልክህ አንሳ። ፎርማኑ ይቆጣል። ይቆጣ።

3. ማሳወቅ በወረቀት ነው፣ ሁለት ቅጂ። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የጎደለውን ዕቃ በስሙ፣ እስከ መቼ እንዲሟላ እንደምትጠይቅ ጻፍ። «ደህንነት የለም» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያስጨንቅም፤ «የጋዝ መለኪያ የለም፣ ገመድ የለም፣ ላይ የሚጠብቅ ሰው አልተመደበም» የሚለው ግን ያስጨንቃል። መዝገብ ቤት ሄደህ ቅጂህ ላይ ማኅተም ጠይቅ። «ለግለሰብ አንመታም» የምትል ሴትዮ አትጠፋም፤ ከቸርችል ጎዳና ዳገት ይልቅ የምታደክመው እሷ ናት። መድኃኒቷ የማኅበሩ ደብዳቤ ነው፦ ቁጥርና ቀን ያለው፣ በሊቀመንበሩ የተፈረመ፣ ግልባጩ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ። አንቀጽ 32 ላይ እንኳ ከባድ አደጋ እያንዣበበ አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ይችላል የሚባለው፣ አስቀድሞ ከራሱ፣ ከማኅበሩ ወይም ከሚመለከተው ባለሥልጣን ሲነገረው ነው። በቃል የነገርከውን በምን ታስረዳለህ?

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ማንሆሉ ራሱ ይብሳልና። መለኪያው አራቱን የሚያነብ ይሁን፦ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ክዳኑ ተከፍቶ ሰው ሳይወርድ በገመድ አውርደህ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለካ። ሚቴን ወደ ላይ ይወጣል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ታች ይተኛል፤ አፉ ላይ ብቻ የለካ ሰው አልለካም። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ፣ ተቀጣጣዩ ከዝቅተኛ የፍንዳታ ወሰኑ (መፈንዳት ከሚጀምርበት ትንሹ መጠን) 10 በመቶ ከደረሰ፣ ሰልፋይዱም 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 10) ካለፈ አትውረድ፤ በንፋስ መስጫ አናፍሰህ እንደገና ለካ። ከወረድክም በኋላ መለኪያው ደረትህ ላይ ይቆይ፣ ዝቃጭ ሲነካካ ጋዙ ይለቀቃልና። አሮጌዎቹ ሠራተኞች «ጋዙን ከሽታው እናውቀዋለን» ይላሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የገማ እንቁላል ይሸታል፣ ወደ 100 ፒፒኤም ሲጠጋ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ላይ የቀረው ሰው ሥራው አንድ ነው፦ ገመዱን ይዞ መጠበቅ። ስልክ አያወራም፣ ሻይ ለማምጣት አይላክም፣ ጓደኛው ቢወድቅ ዘሎ አይገባም። ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ለማዳን የገባ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ለዚህ ነው ቀበቶውና ከላይ የሚጎትተው ባለ ሦስት እግር ማንሻ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መተከል ያለበት።

ማኅበራችሁ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመውን የኅብረት ስምምነት የደህንነት ክፍል አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ የድርጅቱን ስም ሸፍነው። የጋዝ መለኪያና የላይኛው ጠባቂ በስማቸው ካልተጻፉ፣ ለሚቀጥለው ድርድር የምታቀርቡትን አንቀጽ አብረን እናረቃለን።