ለሚወድቅ ጥርስ ምን አስጨነቀኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ማታ ጡጦዋን ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም። የምሰጣት ወተት ነው፤ ለስላሳ ምናምን አላስለመድኳትም። ሰሞኑን ሳያት ግን የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ቡናማ ሆነዋል፣ የአንዱም ጫፍ ተሸርፏል። የታቾቹ ንጹሕ ናቸው። ቤተሰቦቼ «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል፣ ምን አስጨነቀሽ?» ይሉኛል። እውነት ዝም ብል ችግር የለውም?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ ዝም እንዳትይ። «ይወድቃል» እየተባለ ስንት ልጅ በሕመም ሲሰቃይ አይቻለሁ።

መውደቁስ ይወድቃል። ግን መቼ? የፊቶቹ 6 ወይም 7 ዓመት ሲሞላት ነው መነቃነቅ የሚጀምሩት። የኋላ መንጋጋዎቹ ደግሞ እስከ 10፣ 11፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ምግብ የምታኝክባቸው ናቸው። ያንቺ ልጅ ገና 3 ዓመቷ ነው። በዛ ላይ የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ይዞ ነው የሚጠብቀው፤ በተለይ መንጋጋው ያለጊዜው ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፣ ቋሚው መውጫ ያጣና ተጣሞ ይበቅላል። ሥሩ ድረስ ከመገለ ደግሞ እዛው ሥር እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ «ጥርሴን አመመኝ» ብሎ አይነግርሽም። በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ሌሊት እየባነነ ያለቅሳል።

የላዮቹ ብቻ መጎዳታቸው በራሱ ብዙ ይናገራል፤ ይሄ የጡጦ ምልክት ነው። ልጅ ጡጦ ሲጠባ ምላሱ የታች የፊት ጥርሶቹን ይሸፍንለታል፣ ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅም ያጥባቸዋል። የላዮቹ ግን ወተት ውስጥ ተነክረው ያድራሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን የራሱ ስኳር አለው። ቀን ቀን ምራቅ ያጥበዋል፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ምራቋ በጣም ይቀንሳል። ያኔ ጥርሷ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፣ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን ያሟሟዋል። የወተት ጥርስ ሽፋን ደግሞ ከቋሚው ይሳሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ነው የሚበሳው።

ወተቷን አትከልክያት፣ ሰዓቱን ቀይሪው። ከመተኛቷ በፊት በኩባያ ትጠጣ፣ ከዛ ጥርሷን ቦርሺላት፣ አልጋ ላይ ጡጦ ካስፈለጋት ውስጡ ውሃ ብቻ ይሁን። በአንዴ እምቢ ካለች ወተቱን በየቀኑ በውሃ እያቀጠንሽ ሄደሽ ሙሉ በሙሉ ውሃ አድርጊው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ፣ አውቃለሁ። በርቺ።

የተጎዱትን ግን በዚህ ሳምንት ለጥርስ ሐኪም አሳዪ። ሁሉም የግድ ይነቀላል ወይም ይሞላል ማለት አይደለም። መበስበሱን የሚያስቆም፣ ብር የተባለው ማዕድን ያለበት ፈሳሽ የሚቀባበት ጊዜ አለ፤ የበሰበሰውን ቦታ ያጠቁረዋል፣ ግን መርፌም ማሽንም አይፈልግም። ለሷ ይሆን እንደሆነ ጠይቂ። ድዷ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ካየሽ፣ ወይም ፊቷ ካበጠና ካተኮሳት፣ ነገ አትበይ፣ በዛኑ ቀን ውሰጃት።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ከ8 ወር ወንድ ልጅ አባት ነኝ። ጥርሱ ደህና ይመስለኛል፣ ግን በምን አውቃለሁ? ብሩሽ ሲያይ አፉን ይገጥማል። «እኔ ልያዝ» ይልና ያኝከዋል። የጥርስ ሳሙናውንም ይውጠዋል። ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚሉት ማዕድን መርዝ ነው ሲሉ ስለሰማሁ አሁን የምቦርሸው በባዶ ብሩሽ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከንፈሩን ግለጥ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጠውና የላይኛውን ከንፈሩን በጣትህ ወደ ላይ ሳብ አድርገህ፣ ጥርሱ ከድዱ የሚገናኝበትን ቦታ እይ። እዛ ጋ ኖራ የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ ነጭ መስመር ካለ መበስበስ ጀምሯል። ብዙ ወላጅ ነጭ ስለሆነ ቆሻሻ እንኳን አይመስለውም፣ ያልፈዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ እንድታውቀው የምፈልገው እሱን መስመር ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ደረጃ ላይ ጥርሱ ገና አልተበሳም፤ ማዕድኑን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ በኋላ ግን የሄደው አይመለስም። በወር አንዴ እይለት።

ማዕድኑን ለመመለስ የሚያግዘው ደግሞ ያው የፈራኸው ፍሎራይድ ነው። ዋናው መጠኑ ነው። 3 ዓመት እስኪሞላው የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታክል ሳሙና በቂ ነች። ያቺን ቢውጣት አትጎዳውም። የሚያስቸግረው ልጁ ቱቦውን ይዞ ሲመጠው ወይም ለዓመታት ብዙ ብዙ ሲውጥ ነው፤ ያኔ በመሠራት ላይ ያሉት ቋሚ ጥርሶች ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሳሙናውን አንተ ቀባ፣ ቱቦውን እጁ ከማይደርስበት አስቀምጥ። ካርቶኑ ላይ 1,000 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ ነው) ወይም ከዛ በላይ የሚል ፈልግ። የምትኖሩበት አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ የሚበዛበት ከሆነ ግን ቀድመህ ሐኪም አማክር።

ብሩሹን ይያዝ፣ ያኝከው፣ ይጫወትበት። ከዛ «አሁን የኔ ተራ» በለው። መሬት ላይ ቁጭ በልና ጭንቅላቱን ጭንህ ላይ አስተኛው፣ ፊቱ ወደ ጣሪያ ይሁን። እንዲህ ሲሆን አፉ በደንብ ይታይሃል፣ ጭንቅላቱም አይወራጭብህም። በአንድ ጣትህ ከንፈሩን ያዝ፣ ብሩሹን ጥርሱና ድዱ መገናኛ ላይ አድርገህ በቀስታ አዙረው። የመንጋጋዎቹን ጎድጓዳ እንዳትረሳ። ጠዋትና ማታ፤ አንዱን መዝለል ግድ ከሆነብህ የማታውን አትዝለል። ሲጨርስ ይትፋ፣ በውሃ አይጉመጥመጥ፣ ትንሽ ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ይደር። ለብቻው ደህና አድርጎ መቦረሽ የሚችለው 7 ወይም 8 ዓመት አካባቢ ነው። እስከዛው ሥራው ያንተ ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚጀመረውም ገና 1 ዓመት ሳይሞላው ነበር፤ አሁንም አልረፈደም። ፍሎራይድ ያለበት ቫርኒሽ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ቅባት፣ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ሊቀቡለት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼን የማሳድግ አያት ነኝ። ልጄ «እማዬ፣ ጣፋጭ አትስጫቸው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጨክኜ መከልከል አቃተኝ። ብስኩቱንም ከረሜላውንም ትንሽ ትንሽ እያደረግኩ ቀኑን ሙሉ ባዳርሳቸው ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ እሱ ነው የሚብሰው። አንድ ነገር ጣፋጭ በቀመሱ ቁጥር አፋቸው ውስጥ አሲድ ይፈጠራል። ምራቅ እሱን አጥቦ ጥርሱን እስኪጠግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈጅበታል። አንዱን ብስኩት ስድስት ቦታ ቆርሰው በየሰዓቱ ከሰጧቸው ጥርሳቸው ስድስት ጊዜ ተመታ ማለት ነው። አንድ ላይ ከምሳ ጋር ከበሉት ግን አንዴ ነው። ስለዚህ መስጠትዎ ካልቀረ ከምግብ ጋር ይሁን፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቀውን ይቀንሱ፣ በመሃል ሲጠማቸው ውሃ ይስጧቸው። ጭማቂም፣ ቤት የተጨመቀው ሳይቀር፣ እንደ ጣፋጭ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ሲያስላቸው የሚሰጣቸው ሲሮፕ ብዙ ጊዜ ስኳር አለበት። ስኳር የሌለው ካለ ፋርማሲ ይጠይቁ። ሌሊት ቀስቅሰው መስጠት ግድ ከሆነብዎ ደግሞ ተመልሰው ከመተኛታቸው በፊት ውሃ ያስጎንጯቸው።