የስልኩ ሌላኛው ጫፍ ባሕር ዳር ነው

አበሻ ውጭ አገር ሲገባ ቶሎ የሚማራቸው ነገሮች አሉ። ኪራይ የሚረክስበትን ሰፈር፣ ክሬዲት እንዴት እንደሚገነባ፣ የትኛው ፓርኪንግ ቤት አበሻ እንደሚቀጥር በጥቂት ወር ውስጥ ጥርት አድርጎ ያውቃል። ስለ ስልኩ ግን አሥር ዓመት ኖሮም ምንም አያውቅም። ያገኘውን ይከፍታል፣ የመጣለትን ለዘመድ ሁሉ ያስተላልፋል፣ የልቡን በፈለገበት ይጽፋል።

ብዙ ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ ኖሬ ወደ ባሕር ዳር ተመልሻለሁ። መልእክቱ ሲላክም አይቻለሁ፣ እዚህ ሲደርስ የሚያመጣውንም እያየሁ ነው። ስለዚህ ሳልለሳለስ ብናገር አትቀየሙኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ወረቀት

ስለ ቪዛና ስለ መኖሪያ ወረቀት ብዙ አልልም። የአሜሪካ ቪዛ ፎርም ከ2019 ጀምሮ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። በ2025 ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ፎርሙን በእውነት ሙሉት፣ ግራ ከገባችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

2. እዚያ ያለው ስልካችሁ

“አሜሪካ የሕግ አገር ነው፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማን ይነካኛል?” የሚለውን ንግግር ስንቴ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ያለ ዳኛ ትእዛዝ መበርበር እንደማይችል ወስኗል። በ2018 ደግሞ ስልካችሁ የዋለበትንና ያደረበትን ዝርዝር ከስልክ ኩባንያው ለመውሰድም በመርሕ ደረጃ የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልጋል አለ። ጥሩ ውሳኔዎች ናቸው።

ቀሪው ግማሽ የሚነካው ግን በተለይ እኛን ነው። አንደኛው ኤርፖርት ላይ ነው። ለጥምቀት ባሕር ዳር ከርማችሁ ስትመለሱ የድንበር መኮንኑ ያለ ማንም ዳኛ ትእዛዝ ስልካችሁን ማየት ይችላል። ዜጋ ከሆናችሁ እንዳትገቡ አይከለክላችሁም፤ አልከፍትም ካላችሁ ግን ስልኩን ይዞ ሊያስቀር ይችላል። በቪዛ ያለ ሰው ግን ከበር ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው በ2008 የወጣው አንቀጽ 702 የሚባለው ሕግ ነው። ሕጉ የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ከአገር ውጭ ያለን፣ ዜጋ ያልሆነን ሰው መልእክት ለእያንዳንዱ ሰው የዳኛ ትእዛዝ ሳይጠይቁ ከአሜሪካ ኩባንያዎች እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። በ2013 ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣቸው ሰነዶች ዓለም ያወቀው ፕሪዝም የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። የእያንዳንዷ እናት ስልክ ይጠለፋል እያልኩ አይደለም። የሚፈለገው ሰው ለውጭ ስለላ የሚጠቅም መረጃ አለው ተብሎ የታሰበ መሆን አለበት። ግን አስቡት። አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። የድሮ የክፍል ጓደኛችሁ ዛሬ ምን ሆኗል? ጋዜጠኛ? ባለሥልጣን? ጫካ የገባ? እሱ ከተፈለገ እናንተ የጻፋችሁለትም አብሮ ይሰበሰባል። ከዚያ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ያንን ክምችት በእናንተ ስም መፈለግ ሲያሻው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሲፈልግ ኖሯል።

ይህ ግምት አይደለም። በ2021 ብቻ ኤፍቢአይ አሜሪካውያንን በሚመለከት እስከ 3.4 ሚሊዮን የሚደርስ ፍለጋ እንዳደረገ መንግሥት ራሱ አሳውቋል። ብዙው ከአንድ የኮምፒውተር ጥቃት ምርመራ ጋር የተያያዘ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ በጣም ወርዷል። ግን በ2023 ይፋ የሆነ የፍርድ ቤት ሰነድ እነማን ስማቸው እንደተፈለገ አሳየን። በ2020ው የጆርጅ ፍሎይድ ተቃውሞ ጊዜ የተያዙ ሰዎች አሉበት። ለአንድ የኮንግረስ ዕጩ ገንዘብ ያዋጡ 19,000 ሰዎች አሉበት። ገንዘብ ማዋጣት ወንጀል ሆኖ ነው? ዳኛ ቢጠየቅ ኖሮ ይፈቅድ ነበር?

በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት “የአሜሪካዊን መልእክት ለመፈለግ የዳኛ ትእዛዝ ይቅደም” በሚለው ማሻሻያ ላይ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 212 ለ212 ሆነ። እኩል ስለወጣ ወደቀ። ሕጉም ለሁለት ዓመት ታደሰ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው!

ዲያስፖራው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሰልፍ ይወጣል፣ ለሴናተር ደብዳቤ ይጽፋል፣ አውቶቡስ ተከራይቶ ኮንግረስ ደጃፍ ይቆማል። ያንን አልነቅፍም። ግን ከእናቱ ጋር የሚያወራውን ስለሚነካው ሕግ አንድ ቀን ስልክ ደውሎ ያውቃል? ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ የምትኖሩ ዜግነት ያገኛችሁ ሰዎች፣ ተወካያችሁ በዚያ ቀን የትኛው ወገን እንደቆመ ታውቃላችሁ? የምክር ቤቱ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። ፈልጉና እዩት። በመጪው ምርጫ እጃችሁን ሲጨብጥ ጠይቁት።

3. እዚህ ያለው ስልክ

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መብትን አስፍሯል። በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል። በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። መልካም። አንብቡት፣ ጥቀሱት፣ ልጆቻችሁንም አስተምሩበት።

ግን ታሪካችንን አትርሱ። በ2014 የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዋች ባወጣው ዘገባ የታሰሩ ሰዎች በምርመራ ላይ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ያወሩት ስልክ ተቀድቶ እንደሚሰማቸው ጽፏል። በተለይ ደግሞ ከውጭ አገር ቁጥር ጋር የተወራው። ልብ በሉ፣ የውጭ አገር ቁጥር። ያ ቁጥር የእናንተ ነው። በዚያው ዓመት የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከተከሰሱባቸው ነገሮች አንዱ መልእክታቸውን በኢንተርኔት ከሰላይ ለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። “የሚደብቀው የሌለው ምን ያስፈራዋል?” የምትሉ ሰዎች ይህን እንዴት ታዩታላችሁ? ቤቱን የቆለፈ ሰው በመቆለፉ ሌባ ነው ተባለ ማለት ነው።

ርቀትም አያድንም። ሜሪላንድ የሚኖር፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለው አንድ ወገናችን ከወዳጅ የተላለፈለትን የወርድ ፋይል ከፈተ። በዚያ በኩል ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ለወራት ስካይፕ ጥሪውንና የቤተሰቡን አጠቃቀም ሲቀዳ ቆየ። በ2014 ኪዳኔ በሚል የተሸሸገ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ሊከሰስ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። የተፈጸመበት እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ነው፤ የሚዳኘው ግን አጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ሌላ አጋለጠ። በተለያዩ አገሮች ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች ሊንክ በኢሜይል ይላካል፤ ሲከፍቱት “ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አድሱ” ይላቸዋል፤ ሲያድሱ ሰላዩ ይገባል።

ያ መንግሥት ሄዷል ትሉኛላችሁ። ሄዷል። መሣሪያው ግን ባለቤት እየቀያየረ የሚኖር ነገር ነው። እኔ የምፈራው አንድን ፓርቲ አይደለም። ዳኛ የማይጠይቀውን ማንኛውንም እጅ ነው፣ እዚያም እዚህም።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልመልሳችሁ። በነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት ረጅም ጊዜ ኖሯል። የዋይፋይ መስመር ያለው ሆቴል ደጃፍ ወጣቱ ተኮልኩሎ ትምህርቱንም ሥራውንም ከዚያ ሲለቅም ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው ምን መሰላችሁ? የእናንተ ክምር። የተቆራረጠ ቪዲዮ፣ የአክቲቪስት ድምፅ፣ “ለአሥር ሰው አድርሱ” የሚል ጽሑፍ። እናንተ ዴንቨር ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ በአውራ ጣት የለቀቃችሁት ነገር እዚህ ሽምብጥ ሰፈር ያለ ልጅ ኪስ ውስጥ ይገባል። እሱ ምንም አልጻፈም፣ ምንም አልመለሰም። ቴሌግራሙ ግን ራሱ አውርዶ ጋለሪው ውስጥ አስቀምጦለታል።

የማውቀው ልጅ ነው። ዓሣ ከዘጌ በኩል እያስመጣ ለምግብ ቤቶች የሚሸጥ፣ ቆረሶና አምባዛ ከመቁጠር በቀር ሌላ የማያውቅ ልጅ። ኬላ ላይ ስልክህን ክፈት ተባለ። ከፈተ። ውጭ አገር ካለ አጎቱ የመጣ ቪዲዮ ተገኘበት። “አላየሁትም” ቢል ማን ይስማው? ታስሮ ሰነበተ። እናቱ ስንቅ እየቋጠረች ስትመላለስ እኔም አብሬያት ሄጃለሁ። አጎትየው ሲሰማ ምን አለ? “ጀግና ነው” ብሎ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጠፈ። ልጁ ገና እስር ቤት እያለ! እናቱ በሰው ስልክ ደውላ “እባክህ ወንድሜ አውርድልኝ” ብላ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ዘመድ ከመሆን ዝም ማለት ይሻላል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጀግንነቱ በእናንተ ስም፣ በእናንተ አድራሻ ይሁን። ተቃውሞ አላችሁ? የምትኖሩበት አገር ይፈቅድላችኋል፤ በአደባባይ ተናገሩ። የእህታችሁን ልጅ ስልክ ግን የትግል ሜዳ አታድርጉት። እሱ የሚከፍለውን እናንተ አትከፍሉለትም። ስንቅ እንኳ የምታቀብለው እናቱ ናት።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላም አለ። አባቴ በሕይወት እያለ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። ደርግን ያየ ሰው ነው፤ ግድግዳ ጆሮ እንዳለው ከልቡ ያምናል። ስለ ሥራው ስጠይቀው ስለ ዝናቡ ይነግረኛል። ስለ ከተማው ስጠይቀው “ደህና ነን፣ ጣና ሞልቷል” ይለኛል። “ምን ሆንክ?” ስለው “ስትመጣ እንጫወታለን” ይላል። ሳልደርስ ሞተ። በመሥሪያ ቤቱ ምን እንደደረሰበት፣ ስንት ዓመት ሰው እንደከዳው፣ ለምን እንደታመመ የሰማሁት ከቀብር በኋላ፣ ለቅሶ ላይ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ አፍ ነው። ማንም ይስማን አይስማን ለውጥ አላመጣም። ይሰሙናል ብሎ ማሰቡ ብቻ የአንድ አባትና የልጁን የዓመታት ጨዋታ በላው። ይህን ማንም ፍርድ ቤት አይክሰኝም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከስልክ ራቁ አለን አትበሉኝ። እሱን አይደለም የምለው። ልጆቻችሁ አያታቸውን የሚያውቁት በዚያች ስክሪን ነው። ይልቅ እናታችሁ ሳትፈራ የምታወራበትን መንገድ አበጁላት። ዲያስፖራው ስልሳ ኢንች ቴሌቪዥን ይልካል፣ ለሠርግ በመቶ ሺዎች ያወጣል፤ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የእናቱን ስልክ የሚያስተካክል ግን አላየሁም።

4. ማስተካከያው

የቤተሰብ ቡድን በቴሌግራም ከፍታችሁ ምስጢር ነው ብላችሁ አታስቡ። የቴሌግራም ቡድንና ተራ ውይይት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው “ሲክሬት ቻት” የሚለው ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለቡድን አይሆንም። ዋትስአፕና ሲግናል ውይይቱን በሙሉ ከመንገድ ሰሚ ይጠብቃሉ። ዋትስአፕ ላይ ግን ባክአፑ፣ ማለት የመልእክቶቹ ቅጂ፣ ለብቻው መቆለፍ አለበት፤ ካልቆለፋችሁት ጉግል ወይም አይክላውድ ላይ ያ ጥበቃ ሳይኖረው ይቀመጣል። መልእክት ራሱ እንዲጠፋ አድርጉ፤ አንድ ሳምንት ይበቃል። ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትን ዝጉት፤ ያ ዓሣ ሻጭ ልጅ የታሰረው በእሱ ነው። ተራ የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ ከስልክ ኩባንያው የሚሸሽጋቸው ጥበቃ የላቸውም፤ ማን ለማን ስንት ደቂቃ እንደደወለ ሁሌም ይመዘገባል።

ግን ይህ ሁሉ ስልኩ በእጅ ተይዞ “ክፈት” ሲባል አያድንም። ለዚያ ያለው መድኃኒት የማያስፈልገውን አለመላክ ነው። የማታውቁት ፋይል ከወንድማችሁ ቢመጣም ደውላችሁ “ላክህልኝ ወይ?” ሳትሉ አትክፈቱ። ስትመጡም ሥራችሁና ፖለቲካችሁ ያለበትን ስልክ ትታችሁ ባዶውን ይዛችሁ ኑ። ለጣና ፎቶ አሮጌ ስልክ ይበቃል።

የእናታችሁን ስልክ ከዚያ ሆናችሁ በጥሪ አታስተካክሉ። እዚህ ያለች የእህት ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሥራላት፤ የመክፈቻ ቁጥሩንም እናትየዋ ራሷ ትምረጥ። በኤስኤምኤስ የሚመጣላትን ኮድ ለማንም በስልክ እንዳታነብ ንገሯት፤ እናንተ ብትጠይቋትም እንኳ።