የድሮ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባቴ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ካሜራ አለን። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው። ሶኒዬ ላይ ይገጥማል?

መልስ፦ ታድለሃል፤ ይገጥማል። ሄሊዮስ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚጠመዘዘውም ኤም 42 በሚባለው ጥርስ ነው። ከኤም 42 ወደ ሶኒ ኢ መግጠሚያ የሚቀይር አዳፕተር ግዛ። ውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ስለሆነ ርካሹም ይበቃል። ካሜራው አላነሳም ካለህ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ያለ ሌንስ እንዲያነሳ ፍቀድለት። እኔ ይህን ሳላውቅ አዳፕተሩን ልመልስ ተነስቼ ነበር።

ጥያቄ፦ የኔስ ኒኮን ዲ 3200?

መልስ፦ አንቺ ጋ ይከብዳል። ኤም 42 ሌንስ ብርሃኑን ከሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ከሴንሰሩ፣ 45.46 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። የኒኮን ርቀት ግን ገና ያለ አዳፕተር 46.5 ነው። ስለዚህ አጠገብሽ ያለ ሰው ጥርት ይላል፤ ከሩቅ የሚታይ ተራራ ግን ይደበዝዛል። መስታወት ያለው አዳፕተር አለ፤ ርካሾቹ ምስል ስለሚያበላሹ አልወዳቸውም። ኤአይ ኒኮር የሚባለውን የኒኮንን የራሱን የድሮ ሌንስ ፈልጊ፤ ያለ አዳፕተር ይገባል። ካሜራሽ ብርሃን አይለካለትም፤ ኤም (ማኑዋል) ላይ አድርገሽ እየሞከርሽ ታስተካክያለሽ።

ጥያቄ፦ ካኖን ኢኦኤስስ?

መልስ፦ የሱ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ45.46 ስለሚያንስ በአዳፕተር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፎከስ ሁሌ ይስተኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁላችንም ስተናል። ሄሊዮስ 44-2 ላይ ሁለት የአፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቀለበቶች አሉ። በአንደኛው የምትፈልገውን ቁጥር ትይዛለህ፤ ሌላኛው እስከዚያ ድረስ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከፍተህ ፎከስ አድርግ፣ ከዚያ ዝጋና አንሳ። ጠርዙን በቀለም የሚያሳየውን ፒኪንግ ብዙ አትመነው፤ አፐርቸሩ 2 ላይ ሲሆን አፍንጫውን አጥርቶ ዓይኑን ይስትብሃል። ዓይኑን በስክሪን አጉላ። ቀለበቱን ከማሽከርከር ይልቅ ሰውነትህን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝም ይሠራል። የሚሮጥ ሕፃን ከሆነ ግን ተወው፣ አውቶ ፎከስ ያለውን ሌንስህን ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ።

መልስ፦ ሻጋታ ነው። አይግዙት። አቧራ ቢሆን ግድ የለም ነበር።

ጥያቄ፦ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትሬ ቢጫ ሆኗል። ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። 1.4 የሚል ቁጥር ያለበት ከሆነ አንዳንዶቹ መስታወታቸው ውስጥ ቶሪየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለ፤ በዘመን ብዛት ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። ለሳምንታት አልትራቫዮሌት ብርሃን ቢያገኝ ይነጣል። ፀሐይም ትሠራለች፤ ግን ጀርባውን በክዳኑ ዝጊው፣ ከመጋረጃም አርቂው። ሌንስ ፀሐይ ላይ እሳት ያስነሳል።