የስኑከር ሊግ ጥያቄና መልስ፦ ያለቀለት የሚመስለው ጨዋታ

የስኑከር (በዱላ የሚመታ፣ ፑል መሰል የጠረጴዛ ኳስ) ወቅት በእንግሊዟ ሌስተር በሚካሄደው ሻምፒዮንሺፕ ሊግ ሲከፈት ጥያቄው ይበዛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ አንድ የሐዋሳ አንባቢ ውጤቱ «2 ለ 2» ተብሎ ተጽፎ አይተው ግራ ተጋብተዋል። ስኑከር ያለ አሸናፊ ያልቃል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ በዚህ ውድድር ያልቃል። እርስዎ ያዩት ለዓለም ደረጃ የሚቆጠረው ሊግ ነው። 128 ተጫዋቾች በ32 ምድብ አራት አራት ሆነው ይደለደላሉ። አንዱ ግጥሚያ ቢበዛ አራት ፍሬም (ኳሶቹ ተደርድረው የሚጫወቱት አንድ ዙር) ነው፤ ሦስት ፍሬም ያገኘ ያሸንፋል፣ 2 ለ 2 ከሆነ ነጥብ ይጋራሉ። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ። የምድቡ ስድስት ግጥሚያዎች በአንድ ቀን ያልቃሉ፤ የሚያልፈው አንደኛው ብቻ ነው። ነጥብ እኩል ሲሆን በቅድሚያ የፍሬም ልዩነት፣ ቀጥሎ የእርስ በርስ ውጤት፣ በመጨረሻ በምድቡ የተሠራ ከፍተኛ ብሬክ (በአንድ ተራ ሳይቋረጥ የተሰበሰበ ነጥብ) ይታያል።

የመጨረሻውን መለያ ብዙ ሰው ይንቀዋል። በቁጥር ይመልከቱት፦ «ሀ» እና «ለ» 2 ለ 2 ተለያዩ። «ሀ» ከዚያ «ሐ»ን 3 ለ 0፣ «መ»ን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ 7 ነጥብ፣ ፍሬም 8 ለ 3፣ ልዩነት 5። «ለ» ደግሞ «ሐ»ን 3 ለ 1 አሸንፎ የቀረው ከ«መ» ጋር ነው። 3 ለ 1 ካሸነፈ ነጥቡ 7 ይሆናል፣ ልዩነቱ ግን 4 ስለሆነ ወደቀ። 3 ለ 0 ካሸነፈ ልዩነቱም 5 ይሆናል፣ የእርስ በርሱ አቻ ነበር፣ ስለዚህ ብሬክ ይቆጠራል። «ሀ» ጠዋት 96 ሠርቶ ከነበረ «ለ» ቢያንስ 97 ያስፈልገዋል። ተጫዋቹ ፍሬሙን ካረጋገጠ በኋላ የቀሩትን ኳሶች ተጠንቅቆ ሲያስገባ ካዩ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው። ማታ ላይ ማለፍ የማይችሉ ሁለት ተጫዋቾች ተገናኙ፣ ጨዋታው ምንም ትርጉም የለውም፣ ለምን አይሰረዝም የሚል። ጸሐፊው «የሞተ ጨዋታ» ብለውታል።

መልስ፦ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያው ዙር የምድቡ አንደኛ 3,000፣ ሁለተኛው 2,000፣ ሦስተኛው 1,000 ፓውንድ ያገኛል። አራተኛው ባዶ እጁን ይሄዳል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ማታ የሚታገሉት አብዛኛውን ጊዜ ለዚያ 1,000 ፓውንድ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው አሸናፊ 500,000 ፓውንድ በሚወስድበት ስፖርት ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ2014/15 ወቅት ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ደረጃ የሚሰላው በሽልማት ገንዘብ ነው። የሁለት ዓመት ገቢ ይደመራል፤ አዲስ ውድድር ሲያልቅ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ይቀነሳል። በግንቦት መባቻ ገደማ የዓለም ሻምፒዮናው ሲጠናቀቅ የመጀመሪያዎቹ 64 ቦታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ከእነሱ በታች ሆኖ የሁለት ዓመት ካርዱ (በባለሙያዎች ውድድር የመጫወት ፈቃዱ) ያበቃበት ተጫዋች፣ በሌላ መንገድ ካልዳነ፣ ባለሙያነቱን ያጣል። ከ64ኛው ወሰን ዙሪያ ያሉት ሰዎች የሚለያዩት በጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው። በሰኔ ወይም በሐምሌ የተገኘች 1,000 ፓውንድ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድን ሰው ከሙያው ጋር ልታቆየው ትችላለች።

በ2022/23 ለእያንዳንዱ ተጫዋች በወቅት 20,000 ፓውንድ ዋስትና መሰጠት ሲጀመር ብዙዎች ደሞዝ ያገኙ መስሏቸው ነበር። ደሞዝ አይደለም፤ ቀድሞ ይከፈላል፣ ከሚያሸንፈው ሽልማት ላይ ይታሰባል። ከዚያ ላይ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ የልምምድ ጠረጴዛ ኪራይ ይወጣል። ወደ ቻይና ሄዶ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ተጫዋች ከኪሱ ከስሮ ይመለሳል።

ሊጉን የምወድበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው። በጥሎ ማለፍ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ እዚህ ግን በዓለም ደረጃ 100ኛም ቢሆን ሦስት ግጥሚያ የተረጋገጠለት ነው፣ አንዱም ከታላላቆቹ ጋር ሊሆን ይችላል። ለፍጻሜ እየደረሰ ይሸነፍ የነበረው ዴቪድ ጊልበርት ለዓለም ደረጃ የሚቆጠር የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሣው በ2021 በዚሁ ሊግ ነው። ቤልጂየማዊው ሉካ ብረሰል በ2022 ሊጉን፣ በ2023 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናውን ወሰደ።

የሚቀጥለውን «የሞተ ጨዋታ» ሲያዩ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ይክፈቱ፣ ማን ለሦስተኛነት ምን እንደሚያስፈልገው ይለዩ። አቻ የሚበቃው ተጫዋች 2 ለ 1 ሲመራ ሩቅ ያለውን ቀይ ኳስ አይሞክርም፤ ነጩን ኳስ ጨዋታ ወደሚጀመርበት ወደ መነሻው መስመር መልሶ ከዳር ያስጠጋዋል። ሌላው የግድ ማሸነፍ ስላለበት ከ3 ሜትር ርቀት ይመታል። በዚያ ሰዓት የሚታየው ውጥረት ከብዙ ፍጻሜዎች ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ከፍተኛው ብሬክ 147 ብቻ ነው?

መልስ፦ ባላጋራ ፋውል ሠርቶ «ነጻ ኳስ» (ሌላ ኳስ እንደ ተጨማሪ ቀይ የሚቆጠርበት ዕድል) ከተሰጠ እስከ 155 ይቻላል፤ ጄሚ በርኔት በ2004 በዩኬ ሻምፒዮና ማጣሪያ 148 ሠርቷል።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ከአዳማ በሊጉ ውስጥ «እርግጠኛ» የሆኑ ግጥሚያዎችን እንድነግረው ይፈልጋል። በደብዳቤው መጨረሻ የዕቁብ ገንዘብ ለውርርድ እንዳስያዘ ጠቅሷል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እርግጠኛ ግጥሚያ የለም። በአራት ፍሬም ጨዋታ አንዲት የተሳተች ኳስ ሻምፒዮኑን ትጥላለች። «አውቃለሁ» የሚልህ ሰው ካለ ወይ ይዋሻል ወይ ከተበላሸ ጨዋታ ጋር ንክኪ አለው። በ2023 አሥር ቻይናውያን ተጫዋቾች ከግጥሚያ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ታግደዋል፤ ሊያንግ ዌንቦ እና ሊ ሃንግ ለዕድሜ ልክ። ዣኦ ሺንቶንግ 20 ወር ታግዶ ተመልሷል፣ በ2025ም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ የሌሎቹ ሥራ ግን እዚያው የቀረ አለ።

ከስኑከሩ በላይ ያሳሰበኝ ዕቁቡ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ማስያዝ የተጀመረበት ውርርድ በአንድ ትልቅ ድል አይዘጋም፤ ያጣኸውን ለመመለስ የምታስይዘው እየጨመረ ይሄዳል። ዛሬ ማታ የውርርድ አካውንትህን ዝጋ፣ በስልክህ ያለውን ገንዘብ ለምታምነው ሰው አስተላልፍ፣ ለዕቁቡ ዳኛ የጎደለውን ልክ ራስህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው ሲሰማው ይብሳል። ከዚያ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ዘንድ ሂድ፤ አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ አዳማም በቅርብህ ካለ ሆስፒታል ጠይቅ። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍኩትም። ሂድ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ፦ ትናንት የተሸነፈ ተጫዋች ዛሬ በሌላ ምድብ ሲጫወት አየሁ፣ እንዴት ሆኖ?

መልስ፦ ያ ሁለተኛው፣ በግብዣ የሚካሄደው ሻምፒዮንሺፕ ሊግ ነው፤ ከ2008 ጀምሮ አለ፣ ለዓለም ደረጃ አይቆጠርም። ሰባት ተጫዋቾች እርስ በርስ ይጫወታሉ፣ አራቱ ለግማሽ ፍጻሜ ይቀርባሉ። አሸናፊው ወደ አሸናፊዎች ምድብ ይሻገራል፤ 6ኛና 7ኛ ይሰናበታሉ። የቀሩት አራቱ ወደ ቀጣዩ ምድብ ይዘዋወሩና ሦስት አዲስ ይጨመርላቸዋል። በሰባት ምድብ በአጠቃላይ 25 ተጫዋቾች ይሳተፋሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የስኑከር ጠረጴዛ ያላቸው ባለቤት በክረምት ኳሱ እንደሚዘገይ፣ ቀስ ብሎ ሲመታም ወደ ጎን እንደሚያዘነብል ጽፈዋል። ጨርቁን በየአቅጣጫው በደንብ እንደሚቦርሹት ገልጸዋል።

መልስ፦ በየአቅጣጫው መቦረሹ ራሱ ጉዳት ነው። የስኑከር ጨርቅ ሱፍ ነው፣ ጸጉሩም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል፦ ከመነሻው መስመር ወደ ጥቁሩ ኳስ። ቡራሹ ሁልጊዜ በዚያው አቅጣጫ፣ በቀጥታ መስመር ይሂድ፤ ወደኋላ አይመለስ። ከዚያ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት፣ ለብ ብሎ፣ በዚያው አቅጣጫ። ሙቀቱን አስቀድመው በነጭ ወረቀት ላይ ይሞክሩ፤ ወረቀቱ ቢጫ ካለ ጨርቁንም ያቃጥላል። አንድ ቦታ ላይ አይቁሙ፣ የዳሩን ጎማ አይተኩሱ።

መዘግየቱ ከእርጥበት ነው፤ ሱፍ ውሃ ከአየር ይስባል። ባለሙያዎቹ የሚጫወቱባቸው ጠረጴዛዎች ጨርቁ ከተነጠፈበት ድንጋይ ሥር ማሞቂያ አላቸው። እርስዎ ጠረጴዛውን ማታ ይሸፍኑት፣ መስኮቱን ይዝጉ፣ እርጥብ ወለል ሳይደርቅ ጨዋታ አያስጀምሩ። ማዘንበሉን ለማወቅ ኳሱን በመሃል በኩል ቀስ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ ያንከባልሉ። ሁለቱም ጊዜ ወደ ጥቁሩ በኩል በመጠኑ ካዘነበለ ከጸጉሩ ነው። ወደ መነሻው መስመር ካዘነበለ ድንጋዩ ተዛንፏል፤ በውሃ ልክ ያረጋግጡና ጠረጴዛ የሚገጥም ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ፑል ጎበዝ ነኝ፣ ወደ ባለሙያ ስኑከር መግቢያው የት ነው?

መልስ፦ ከመንገዶቹ ሁለቱን ልንገርህ፦ ክፍያ ተከፍሎበት የሚገባበት ኪው ስኩል የተባለው ማጣሪያ፣ ወይም የአፍሪካ ሻምፒዮና፤ ግብጻውያን የሁለት ዓመት ካርድ ያገኙት በሁለተኛው ነው። ፑሉ ግን አያዘናጋህ። የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስኑከር 52.5፤ ጠረጴዛው 12 ጫማ፣ የኪሱም አፍ ክብ ስለሆነ ዳሩን የነካች ኳስ ትተፋለች። ሙሉ ጠረጴዛ ካገኘህ ከነጩ ብቻ ጀምር፦ ከቡኒው ነጥብ በሰማያዊው፣ በሮዙና በጥቁሩ ነጥብ ላይ አሳልፈህ ምታ። ዳሩን ነክታ ተመልሳ የዱላህን ጫፍ ካልነካች መሃሏን አልመታህም ማለት ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ወደ ቀዩ አትለፍ።

ጥያቄ፦ ጨዋታዎቹ በእኛ ሰዓት ስንት ናቸው?

መልስ፦ በእንግሊዝ በጋ፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእነሱ ላይ 2 ሰዓት ይጨምሩ፤ በክረምታቸው 3። በሸፊልድ የዓለም ሻምፒዮና የጠዋቱ 10:00 ለእኛ ቀን 6 ሰዓት፣ 14:30 ከቀኑ 10:30፣ 19:00 ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ነው።