ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩ

ይድረስ ለጅማ ልጆች፣ በተለይ ሥራ ይዛችሁ የወላጆቻችሁን ቤት ለማደስ ለተነሳችሁ፤

ከአርባ ዓመት በላይ በአናጺነት፣ ኋላም በፎርማንነት ሠርቻለሁ። አሁን ጉልበቴ መሰላል አልወጣም ስላለኝ ቁጭ ብዬ እመክራለሁ፤ ምክር ከመሰላል ይቀላል።

ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። የእናቱን ቤት ሊያድስ ብድር ወስዷል። «ጋሼ፣ እንዲህ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው» ብሎ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋ፣ ከጂፕሰም ኮርኒሱ ጥግ የሚወጣ ሰማያዊ መብራት፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ሰው የለበትም። ጀበና የለበትም። ጭቃ የያዘ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ እንኳ የለበትም፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ ጭቃ የማይይዝ ጫማ የለም። «መጀመሪያ ቤቱን አሳየኝ» አልኩትና ተያይዘን ሄድን።

ቤቱ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ነው፤ ሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት። ሳሎን ገብቼ ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ማንኳኳት ጀመርኩ። ከላይ ድም ድም ይላል፣ ጤነኛ ነው። ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ ጀሪካን የምመታ መሰለኝ። በቤቴ ቁልፍ ጫር ባደርገው የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ልስን ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ከኋላው ቋሚው ላይ ምስጥ የሠራችው ቡናማ የአፈር መስመር ወደ ላይ ይሄዳል። ቋሚውን በቁልፉ ወጋሁት፤ እስከ እጀታው ገባ። እናቱ ከጓዳ ብቅ ብለው «ምነው፣ ልታፈርሱብኝ ነው እንዴ?» አሉ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ያንን ድምፅ እኔ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በራሴ ሥራ መያዝ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት የጭቃ ቤታቸውን «እንደ ብሎኬት ቤት አስመስልልኝ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ለሰንኩበት። ሲያልቅ ሰፈሩ እየመጣ አየው። ሁለት ክረምት ቻለ። በሦስተኛው ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት መነሳት ጀመረ፤ አንድ ሌሊት የመኝታ ቤቱ ልስን ባለበት ተንዶ አልጋቸው አጠገብ ተከመረ። ተኝተው ነበር፤ እግዜር አተረፋቸው። ስሄድ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቡና አፈሉልኝ። የዚያን ቀን ቡና ግን አልዋጥ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት መሄድ አይችልም፤ ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ድሮ በጭቃው በኩል ወጥቶ ይደርቅ ነበር፤ ሲሚንቶው መውጫውን ሲደፍንበት ውስጥ ቀርቶ ቋሚውን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው ያው ጭቃ ነው፦ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ሰንብቶ የቦካ ምርግ፣ ከላዩ ኖራ። ሲሚንቶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ መጀመሪያ የበሰበሰውን ቋሚ ቀይሩ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን በድንጋይ አስገንቡ፣ ከዚያ በላይ የዶሮ ሽቦ በሚስማር መትታችሁ ልሰኑ። ያኔም ቢሆን ኃላፊነቱን አልወስድም።

እርጥበቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ ወደ ቀለም ቤት አትሩጡ። በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ስምንት በስምንት ሜትር የሆነች መካከለኛ ጣሪያ በዓመት 96 ሺህ ሊትር ውሃ ትቀበላለች ማለት ነው፤ በበርሜል ቢለካ 480 በርሜል። አሸንዳ ከሌለ ወይም ከተበሳ ይህ ሁሉ ውሃ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። ከዚያ ሰው ግድግዳው ረጠበ ብሎ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በወሩ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይኮፈሳል፤ ቀቢው ይሰደባል። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያላያችሁ ካላችሁ ሂዱና በአናጺ ዓይን እዩት። የእንጨት ሥራ ነው፤ ጥገና ቢያስፈልገውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። በረንዳውን እዩልኝ፤ ዝናብ በቀጥታ ግድግዳውን እንዳይመታ የሚከለክለው እሱ ነው። የዛሬ ልጆች ጣሪያውን ከግድግዳው እኩል ቆርጠው «ዘመናዊ» ይሉታል።

ለዚያ ልጅ የነገርኩት የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ኮርኒስም ሴራሚክም አልነበረም። አሸንዳ፣ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ፣ ከዚያ ሦስት ቋሚ። ፊቱን አጨማደደ። ገንዘብ አውጥቶ እንግዳ የማያየው ነገር መሥራት እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ።

ሁለተኛው የማይታየው ሽቦ ነው። በዚያ ቤት ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ጠቁሯል፤ እናትየው «እንጀራ ስጋግር ቆጣሪው ይወድቅ ነበር፣ አሁን ግን ኤሌክትሪሻን አስተካክሎልኛል» አሉኝ። ያስተካከለው ትንሹን ብሬከር አውጥቶ ትልቅ በመክተት ነው። ይህ በሽተኛው ጮኸ ብሎ አፉን እንደ መድፈን ነው። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን ተሸክሞ ሰዓታት ሲጋገርበት ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል። ብሬከሩ ይወድቅ የነበረው ሽቦውን ለማዳን ነበር። ለምጣድ ከብሬከሩ ሳጥን ለብቻው የሚመጣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ዘርጉለት። ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ፣ የሌለው ቤት ውስጥ ደግሞ ቦይለር አትስቀሉ፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ይህ ሁሉ ከልስንና ከቀለም በፊት ያልቃል። ሴራሚክ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ «ቧንቧውን ረሳነው» ተብሎ ሲፈለጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

መታጠቢያ ቤት ላይ ብዙ አላወራም። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ዝቅ ይበል። ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ማፍሰሻውን ደፍናችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ከቀነሰ ያፈሳል።

የምወደው ማድ ቤቱን ነው። ልጁን «ነገ ጠዋት ሥራ እንዳትገባ፤ በርጩማ ይዘህ ጓዳ ጥግ ተቀመጥና እናትህን ዝም ብለህ እያቸው» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አደረገው። ማታ መጥቶ የነገረኝን ልንገራችሁ። እናቱ ቁርስ እስኪያቀርቡ ከጓዳ ወደ ደጅ ቧንቧ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰዋል። ሽንኩርት የሚከትፉት መሬት ላይ አጎንብሰው ነው። ከድስቱ ሲነሱ ሁልጊዜ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው የመዳፍ ቅርጽ ይዞ ጠቁሯል። «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር አላየሁትም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ውሃውን ወደ ውስጥ አስገባንላቸው። ጠረጴዛውን ስናሠራ አናጺው እንደለመደው 90 ሳንቲም ከፍታ ብሎ ለካ፤ እኔ እናትየውን አቁሜ ክርናቸውን ለካሁ፤ 95 ሆነ። ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ትከሻ አያደክምም፤ ስለዚህ 82 አልነው። አናጺው «ለእንግዳ ያጥራል» ብሎ ተከራከረ። እንግዳ ሽንኩርት አይከትፍም አልኩት። ምጣዱም ከመሬት ተነስቶ ቆመው የሚጋግሩበት መደብ ላይ ወጣ፤ ከበላዩ ጭስና እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት ተከፈተ።

ሳሎኑን በአንድ ከሰዓት ጨረስነው ማለት ይቻላል። ቤቱ ጨለማ ነው ብሎ ልጁ ስድስት አምፖል ሊጨምር ነበር። ትልቁ ቡፌ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ሸፍኖት ቆሟል፤ ቡፌው ውስጥ ከሠርጋቸው ጀምሮ ያልተነካ የብርጭቆ ስብስብ አለ። ሦስት ሆነን ቡፌውን ወደ ሌላው ግድግዳ ገፋነው፣ ድርብ መጋረጃውን አወረድን፤ በቃ፣ ብርሃን ገባ። ይህን ያህል የሚለውጥ ሥራ ያለ አንድ ሳንቲም በሕይወቴ ብዙ አልሠራሁም።

ሴራሚኩ ላይ ግን ተጣላን። ፊት የሚያሳየውን ፈለገ። ቄጤማ ተጎዝጉዞበት፣ ውሃ ጠብ ብሎበት፣ አንዲት ስድሳ ያለፋቸው እናት ረከቦት ይዘው ሲራመዱበት አስቡት። ሻካራውን ይግዛ አልኩ፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ፊት ተከራከርን፤ ሻጩ በእሱ በኩል ሆነ፣ ምክንያቱም የአንጸባራቂው ዋጋ ይወደዳል። ነጭ ጂፕሰም ኮርኒስም ቡና በየቀኑ በሚቆላበትና ዕጣን በሚጤስበት ሳሎን ውስጥ ነጭ ሆኖ አይቆይም። የግድ ካስፈለጋችሁ የቡናው ቦታ በመስኮት አጠገብ ይሁን። ልጁ በመጨረሻ ሻካራ ሴራሚክ ገዛ፤ ሰማያዊውን መብራት ግን አስገባው። ይግባ። የእሱም ቤት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። የድሮ ዋንዛ በር አትጣሉ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት የጣልያን ጊዜ ቤቶች አንዱ ሲታደስ፣ ባለሦስት ሳንቲም ውፍረት ያለው የዋንዛ በር ተነቅሎ በላሜራ ሲተካ ቆሜ አይቻለሁ፤ በሩ ለማገዶ ተፈለጠ። ዋንዛ ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ዛሬ ደግሞ በሕግ ከሚጠበቁ ዛፎች አንዱ ስለሆነ እንደ ልብ አይገኝም። በላዩ የተቀባውን አምስት ድርብ ቀለም ስትፍቁት፣ በመላጊያ ስትላጩት፣ ከሥሩ ማር የመሰለ እንጨት ይወጣል። አዲስ በር ካሠራችሁም እርጥብ ጣውላ አትቀበሉ። በክረምት የተሠራ በር ኅዳር ሲገባ ይኮማተራል፣ በስንጥቁ ጎረቤት ያያችኋል። የጅማ አናጺ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው ነው፤ እንጨት ያውቃል፤ ችኮላው የእናንተ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጣሪያና ግድግዳ የሚነካ ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወር ይሁን። ችግሩ ያኔ ቡና ይለቀማል። ብር በከተማው የሚዘዋወረው ያን ጊዜ ነው፣ የቀን ሠራተኛ የሚጠፋውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሠራተኛችሁን በመስከረም ተነጋገሩ፣ ዋጋውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትስጡ። ከበጀታችሁ ከመቶው 15 ያህሉን ለማታውቁት ጉድ አስቀምጡ። ግድግዳ ሲከፈት ሁልጊዜ ጉድ ይወጣል።

እኔም ብሆን ይህን ሁሉ ስናገር ባለቤቴ ከጓዳ ሆና እየሰማች ነው። የራሳችን ቤት አሸንዳ በምሥራቅ በኩል ካፈሰሰ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣለች፤ ባልዲው ሲሞላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ትደፋዋለች። ኅዳር ሲገባ ቡና ለቀማ ያልሄደ፣ መሰላል የሚወጣ ወጣት ካለ ይምጣ። እኔ ከታች ሆኜ መሰላሉን እይዛለሁ።