ግርሻው ቆሟል፣ እግሬ ግን ለምን ይከብደኛል? ስለ ኤምኤስ ለላካችሁት ጥያቄ መልስ

ስለ መልቲፕል ስክሌሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደረሰኝ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የነርቭ ክሊኒክ በመድኃኒት ሙከራዎች ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪማችሁን አልተካም። ጥናቶቹ ምን እንዳገኙና ምን እንዳላገኙ ግን በቅርብ እከታተላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሽታውን ለእናቴ እንዴት ላስረዳት? "ምች ነው" ብላ ቀርታለች።

መልስ፦ የተላጠ የመብራት ገመድ ታውቃለች። ነርቮቻችንም ሽፋን አላቸው። ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነታችን ዘብ ተሳስቶ ያንን ሽፋን ይልጠዋል። ምልክቱ የሚለያየው በተላጠው ቦታ ነው። አንዱ ዓይኑ ይደበዝዝበታል፣ ሌላው እግሩ ይደነዝዝበታል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ይህቺን ደጋግመህ ንገራት።

ጥያቄ፦ ኦክሬሊዙማብ ከጀመርኩ 4 ዓመት ሆነኝ። አንድም ጊዜ አላገረሸብኝም። ኤምአርአዩም "ንጹህ ነው" ይሉኛል። ደረጃ ስወጣ ግን ቀኝ እግሬ ይጎተታል። አበድኩ ወይስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አላበድሽም። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንቺን ነው።

ኤምኤስ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ግርሻ ነው። ከደም የመጡ ነጭ ሴሎች አንጎል ውስጥ ገብተው እሳት ይለኩሳሉ። በቀናት ውስጥ ይብሳል፣ በሳምንታት ይሻላል፣ ኤምአርአይ ላይ አዲስ ጠባሳ ይታያል። ሁለተኛው ድምፅ ሳያሰማ የሚሄደው ነው። ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎሉ የራሱ ሴሎች በአሮጌው ጠባሳ ዙሪያ እንደ ረመጥ ለዓመታት ይቆያሉ። የተለመደው ኤምአርአይ ይህን በደንብ አያሳይም።

ኦክሬሊዙማብ ቢ ሴል የሚባሉትን ነጭ ሴሎች ከደም ያጠፋል። የመጀመሪያውን እሳት በጣም ይይዘዋል። በ2017 እንዲፈቀድ ባደረጉት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ኢንተርፌሮን ከሚባለው የቆየ የኤምኤስ መርፌ ጋር ሲወዳደር ግርሻን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አንጎል ውስጥ ግን ብዙም አይገባም። የእነዚያው ሙከራዎች መረጃ በኋላ ሲመረመር፣ ጉዳታቸው ከጨመረው ሰዎች አብዛኞቹ የገፋባቸው ምንም ግርሻ ሳይኖር ነበር። ተመራማሪዎቹ አሁን "ከግርሻ ውጪ የሚመጣ መግፋት" የሚል ስም ሰጥተውታል።

ስለዚህ ንጹህ ኤምአርአይ ማለት ደህና ነሽ ማለት አይደለም። ዓምና ስንት ደረጃ ሳታርፊ ትወጪ ነበር? ዘንድሮስ? ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። "እርምጃዬን በሰዓት ለኩልኝ" በያቸው። መድኃኒቱን ግን እንዳታቆሚ። የመጀመሪያውን እሳት የያዘልሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ "ገፍቷል" የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

መልስ፦ የክሊኒካችን ኮሪደር ወለል ላይ በፕላስተር የተለጠፉ ሁለት ምልክቶች አሉ። በመካከላቸው 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። "ሳትወድቅ በምትችለው ፍጥነት ሂድ" እልና ሰዓቱን እጫናለሁ። ቀጥሎ 9 ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ አለ። 9 ትንንሽ እንጨቶችን በአንድ እጅ አንድ በአንድ ሰክቶ መልሶ መንቀል ነው። አንዲት እናት እንጨቶቹን እየሰካች "እኔ እኮ ያወቅኩት ጀበናውን በሁለት እጄ መያዝ የጀመርኩ ቀን ነው" አለችኝ። ሰሌዳው ገና ምንም ለውጥ አላሳየም ነበር።

ዋናው መለኪያ ግን ኢዲኤስኤስ ይባላል። አሁን ባለው መልኩ ያወጡት አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ኩርትስኬ ናቸው፣ በ1983። ከ0 እስከ 10 ይሄዳል። 6 ማለት 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሙከራ ላይ "ገፋበት" የሚባለው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከ3 ወይም ከ6 ወር በኋላም እዚያው ሲገኝ ነው። ትኩሳት፣ ሙቀት ወይም የሽንት ኢንፌክሽን እግርን ለጊዜው ስለሚያደክም ነው እንዲህ የሚደረገው። አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህ መለኪያ ለእግር ያደላል። ድካምንና የማስታወስ ችግርን በቅጡ አይዝም። ሰው ሥራውን የሚተወው ግን ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሌስትሮል ክኒን ኤምኤስን ያዘገያል ሲባል ሰምቼ ነበር። የት ደረሰ?

መልስ፦ ሲምቫስታቲን ነው። እንግሊዝ አገር 140 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2014 ውጤቱ ሲወጣ፣ የአንጎልን መሟሸሽ በ43 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ፣ እኔም ጭምር። ከዚያ 964 ሰዎች ያሉበት ትልቅ ሙከራ ተሠራ። በ2024 ውጤቱ ተነገረ። ክኒኑን የወሰዱትና ባዶ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) የወሰዱት በአካል ጉዳት ልዩነት አልነበራቸውም። በምስል ላይ የታየው ለውጥ እግር ላይ አልደረሰም። ስለዚህ አዲስ ዜና ስትሰማ መጀመሪያ "ምኑን ነው የለኩት?" ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቶሌብሩቲኒብስ? 31 በመቶ ይላሉ።

መልስ፦ እሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ማይክሮግሊያውንም እንዲነካ ታስቦ የተሠራ ክኒን ነው። ግርሻቸው ቆሞ በሽታው ግን እየገፋባቸው ባሉ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። 31 በመቶ ማለት በሽታው የመግፋቱ ዕድል ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲወዳደር፣ ጊዜውም ታስቦ፣ በዚያን ያህል ቀነሰ ማለት ነው እንጂ ከ100 ሰው 31ዱ ዳነ ማለት አይደለም። ባዶ ክኒን ከወሰዱት ከ100 ሰው 31 ገደማ ገፋባቸው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 23 ገደማ። ልዩነቱ 8 ሰው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ኤምኤስ ብዙ መድኃኒት ወድቋልና እኔ ይህን ትልቅ ነገር ነው የምለው። ግን ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ግርሻን በመቀነስ ደግሞ ቴሪፍሉኖማይድ ከሚባለው የቆየ የኤምኤስ ክኒን አልበለጠም። ግርሻና ድምፅ ሳያሰማ የሚሄደው መግፋት የተለያዩ ናቸው ያልኩት ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ በምራቅ በሚተላለፍ ቫይረስ ይመጣል አሉ። ልጆቼን መሳም ልተው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም፣ ሳሚያቸው! ቫይረሱ ኤፕስታይን ባር ይባላል፤ ከአዋቂ ሰው አብዛኛው ይዞታል። በ2022 የወጣ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ተከታትሎ፣ ቫይረሱ በያዛቸው ላይ ኤምኤስ የመምጣቱ ዕድል 32 እጥፍ እንደሚጨምር አገኘ። ይሁን እንጂ ከያዛቸው ሰዎች ኤምኤስ የሚመጣባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኤምኤስ አለባት። መውለድ ትችላለች?

መልስ፦ እማማ፣ ትችላለች። በእርግዝና፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ግርሻው ራሱ ይቀንሳል። ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ከፍ ይላል፤ ያኔ ነው እርስዎ አጠገቧ የሚያስፈልጉት። አንዳንዱ መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታናግር።

ጥያቄ፦ ጸበል ጀምሬያለሁ። መርፌውን ላቁመው?

መልስ፦ ሁለቱን አብረህ አስኪድ። አንዳንዱ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ፣ በድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ እህቴን አዲስ አበባ ኤምኤስ ነው አሏት። መድኃኒት ከዚህ ልላክላት?

መልስ፦ ከመላክህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ኤንኤምኦ የሚባል፣ ኤምኤስን የሚመስል ሌላ በሽታ አለ። ዓይንና ህብለ ሰረሰርን በኃይል ይመታል። አኳፖሪን 4 በሚባል የደም ምርመራ ይለያል። ኢንተርፌሮንና ፊንጎሊሞድ እሱን ሊያባብሱት ይችላሉ። የቢ12 እጥረት፣ ቲቢና ኤችአይቪም መጣራት አለባቸው።

በትክክል ኤምኤስ ከሆነ ስለ ሪቱክሲማብ ሐኪሟን ትጠይቅ። ከአዳዲሶቹ ዋጋው ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ከግላቲራመርና ከክላድሪቢን ጋር ለኤምኤስ አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስዊድን ውስጥ 200 ያህል ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ በ2 ዓመት ያገረሸባቸው ሪቱክሲማብ ከወሰዱት 3 በመቶ፣ ዳይሜቲል ፉማሬት ከወሰዱት 16 በመቶ ነበሩ። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ የሚላክ ነገር ግን አይደለም። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሐኪም ቤት ውስጥ በደም ሥር በጠብታ ነው የሚሰጠው። ደግሞ ሳይጀመር በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የግድ ነው። የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን ሊጨርስ ይችላል፣ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞታል።

ጥያቄ፦ ሙከራ ውስጥ ግቢ ተባልኩ። መሞከሪያ እንዳልሆን ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ይሁን እንጂ የምንወስዳቸው መድኃኒቶች በአብዛኛው የተሞከሩት በነጮች ላይ ነው። በ2013 ከደቡብ ካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት ደግሞ ጥቁር ሴቶች ላይ ኤምኤስ ከነጭ ሴቶች በላይ እንደሚገኝ አሳይቷል። እኛ ሙከራው ውስጥ ከሌለን እኛ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማን ያውቃል?

ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ባዶ ክኒን ሊደርሰኝ ይችላል? ጉበቴን በየስንት ጊዜው ታያላችሁ? ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥልልኛል? ቅጹ በእንግሊዝኛ ከሆነ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ወደ ቤትም ወስደሽ አንብቢው። ከፈረምሽ በኋላም በፈለግሽው ቀን መውጣት ትችያለሽ። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብሽም፣ የወትሮ ሕክምናሽም አይቋረጥብሽም።